ያላዩትን መርዶ የማይናገሩት ጋሽ ዘውዴ

ጋሽ ዘውዴ መሞታቸውን የሰማሁት በራሳቸው ጥሩምባ ነው። ውሃ መጥታ፣ ገና ሳይነጋጋ ባልዲ እየደረደርኩ ነበር። ጥሩምባው ከታች መንገድ በኩል ጮኸ። የእሳቸው እጅ እንዳልሆነ ወዲያው ያስታውቃል። እሳቸው ሲነፉ ትንፋሻቸው እስኪያልቅ አንድ ረጅም ነው፤ ይሄኛው ሳል እንደያዘው ሰው ተቆራረጠ። ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ «የእድር አባላት በሙሉ! ጋሽ ዘውዴ አርፈዋልና…» ሲል ሰማሁ። ባልዲው ሞልቶ በእግሬ ላይ እየፈሰሰ ቆሜ ቀረሁ።

ማልቀስ ነበረብኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀድሞ የመጣብኝ ግን እንባ ሳይሆን ፍርሃት ነው። ጋሽ ዘውዴ ስለ እኔ አንድ ነገር ያውቁ ነበር። ከልጄ በቀር እሱን ነገር የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት እናት እንዳትጠይቀኝ ሦስት ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ነገር ነው። እሳቸው እያሉ ሲከብደኝ ሄጄ ደጃቸው ላይ ቁጭ እል ነበር። አሁን የት ሄጄ ልቀመጥ?

ለማያውቃቸው ሰው ልንገር። ጋሽ ዘውዴ እዚህ ቃሊቲ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት በንጋት እየዞሩ የሚለፍፉት፣ ድንኳኑን የሚያስወጡት፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ሰው ከቤቱ ርቆ የሞተ እንደሆነ ደግሞ ሽማግሌ አስከትለው በር አንኳኩተው መርዶ የሚነግሩትም እሳቸው ናቸው። ቀጭን፣ ረዥም፣ አንገታቸው እንደ ግመል ወደ ፊት የወጣ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ሥር ስለጨረሱት ጆሯቸው ከበድ ይላል፤ ስለዚህ ምስጢር ሲያወሩም ይጮኻሉ። ሲስቁ ግን ድምፅ የላቸውም። ትከሻቸው ብቻ ነው የሚስቀው።

ይፈሩ ነበር። ሕፃን አላርፍ ሲል «ጋሽ ዘውዴ መጡልህ!» ይባላል። በአንድ ቤት በር ላይ ቆመው ከታዩ እዚያ ቤት ያለው ሰው ገና ሳይናገሩ ኡኡ ይላል። ይህን ስለሚያውቁ ለሌላ ጉዳይ ሲመጡ ገና ከሩቁ ይጮኻሉ፦

«አስካለ! በሰላም ነው! በሰላም ነው የመጣሁት! ወንፊት ልዋስ ነው!»

ሰፈሩ በሙሉ ወንፊት እንደተዋሱ ያውቃል። አንድ ጊዜ አንዷ ጎረቤታችን ከአጥሯ ውስጥ፣ «ጋሼ፣ ወንፊቱን እኔው አመጣልዎታለሁ፣ እባክዎ እርስዎ ብቻ አይምጡብኝ!» ብላ ብትጮህ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «እኔ እኮ የሞት ዘመዱ አይደለሁም፣ ተላላኪው ነኝ» አሏት።

ለመርዶ ሲመጡ ግን አይጮኹም። በሩ ላይ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ጭቃ ይሁን ብርድ ይሁን ግድ የላቸውም፣ በባዶ እግራቸው ነው የሚገቡት። «እንዲህ ያለ ነገር ተሸክሜ ሰው ቤት በጫማ አልገባም» ይሉ ነበር። ከዚያ ቤት ውሃ እንኳ አይቀምሱም።

ሌላም ነገር ነበራቸው። መርዶ ሊባል ሲሆን፣ «ማን አየ? ማን ነካ?» ብለው ይጠይቃሉ። ያየ ሰው ከሌለ አይሄዱም። ሽማግሌዎቹን ያሰለቻቸው ይሄ ነው። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ጌታሁን፣ «ዘውዴ ቶማስ ሆነብን፣ ቁስሉ ውስጥ እጁን ካልከተተ አያምንም» እያሉ ይነጫነጩ ነበር።

ከመሬት ተነስተው አይደለም እንዲህ የሆኑት። እኔ እዚህ ሰፈር ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ሰው ገና እያወራው ነበር። የአንዲት እናት ወንድ ልጅ ጦር ሜዳ ሄዶ፣ ጓደኛው ደም የነካው ካፖርቱን ይዞ ተመለሰ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ ተባለ። ጋሽ ዘውዴ ሄደው አረዷት። ጸጉሯን ተላጨች፣ ደረቷን ደቃች፣ ተዝካሩን አወጣች፣ ሳትከርም ራሷ ሞተች። በዓመቱ ልጁ በእግሩ መጣ። ካፖርቱን ለቆሰለ ሰው አልብሶት ኖሯል፤ የሞተው ያ ሰው ነው። ልጁ ወደ እናቱ መቃብር እንኳ ሳይሄድ በቀጥታ ጋሽ ዘውዴ ቤት ገብቶ፣ «እናቴን የገደልካት አንተ ነህ» አላቸው። አንቱ አላላቸውም። እሳቸውም «አዎ» አሉት። ጥሩምባውን ለእድሩ ሊያስረክቡ ቢሄዱ የሚቀበላቸው ጠፋ፤ ማን ይፈልገዋል? ይዘውት ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ነው «ማን አየ?» ማለት የጀመሩት።

ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ነው። ልጄ ዳዊት ጅቡቲ መንገድ ተሳቢ ይነዳል። አንድ ቀን ወደ ንጋት ላይ ጥርሴ ሲወልቅ በሕልሜ አየሁ። የፊተኛው ጥርስ፣ ከነደሙ፣ መዳፌ ላይ። የጥርስ ሕልም ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። እንደነጋ ደወልኩለት።

«ዳዊቴ፣ ዛሬ ያንን መኪና አትንዳ።»

«እማዬ ደግሞ! እናቴ ሕልም አይታለች ብዬ ጭነት ላቁም?» ብሎ ሳቀብኝ።

«እናትህ ነኝ፤ አትንዳ ብያለሁ!» ብዬ ስልኩ ላይ አለቀስኩበት።

«እሺ በቃ፣ እሺ፣ አታልቅሺ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው።

በማግስቱ ስኳር ልገዛ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፣ ከእኔ ጋር ካልተቃለደ እቃ አይሸጥም። «እትዬ አስካለ፣ ስኳር አበዛሽ፣ ኋላ ትቀልጪያለሽ» ማለት ልማዱ ነው። ያን ቀን ስኳሩን ቀና ብሎ ሳያየኝ ሰጠኝ። ከሱቁ ስወጣ በር ላይ የቆሙት ሴቶች ወሬያቸውን ቆረጡ። ቤት ስደርስ የጎረቤቴ ልጅ መጥታ፣ «እትዬ፣ ስልክሽን ላንድ አፍታ» ብላ ወስዳ ሳትመልሰው ቀረች።

ይሄን ነገር አውቀዋለሁ። በስንት ሰው ላይ አድርጌዋለሁ! መርዶ ያለበት ሰው በመንገድ አፍ እንዳይሰማ ስልኩ ይወሰዳል፣ ሬዲዮው ይዘጋል፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ ጎረቤቱ ሁሉ ተባብሮ ይዋሸዋል። ለደግ ነው የሚደረገው። በራሴ ላይ ሲደረግ ግን እንደ በግ ዙሪያዬን የተከበብኩ መሰለኝ። ካለቀስኩ እውነት ይሆንብኛል ብዬ አላለቀስኩም። የታጠበ ልብስ አውጥቼ እንደገና አጠብኩ።

በሦስተኛው ቀን በንጋት ከቆርቆሮ አጥሬ ውጭ የእግር ኮቴ ሰማሁ። የድንኳን ብረት እርስ በርሱ ሲጋጭ ሰማሁ። አጥሩ ሥር ቁጢጥ አልኩ።

«ዘውዴ፣ አንኳኳ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» የአቶ ጌታሁን ድምፅ ነው።

«ማን አየው?»

«ባለመኪናው ደውሎ ነገረን እኮ! መኪናው ገደል ገብቷል፣ ሾፌሩ ሞቷል፣ የጭነት ወረቀቱ ዳዊት ይላል። ስልኩም ጋቢናው ውስጥ ተገኝቷል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«ባለመኪናው ሬሳውን አይቷል?»

«እሱ እዚህ አዲስ አበባ ተቀምጦ እንዴት ያያል!»

«ታዲያ የሞተው ወረቀቱ ነው?»

«አንተ ሰው፣ ዛሬ እንኳ ተው! ሴትዮዋ እኮ ነቅታብናለች፣ እየተሰቃየች ነው። ድንኳኑም መጥቷል።»

«ድንኳኑን መልሱት። እኔ ሄጄ እስካይ ይሄን በር የሚያንኳኳ ከእኔ ጋር ተጣልቶ ነው።»

ከዚያ በሩን ገፋ አድርገው ብቻቸውን ገቡ። መጀመሪያ ያየሁት እግራቸውን ነው። ጫማቸውን አላወለቁም። መሬት ላይ ተዘረጋሁ።

«ተነሽ። መርዶ አልያዝኩም» አሉኝ። «የማውቀውን በሙሉ እነግርሻለሁ። መኪናው ገደል ገብቷል። ይነዳው የነበረው ሰው ሞቷል። ዳዊት ነው ይላሉ። ያየው ሰው የለም። እኔም አላውቅም። ሄጄ አይቼ መጥቼ እነግርሻለሁ።»

«ከሆነስ ጋሼ?»

«ከሆነም እኔው ነኝ የምነግርሽ። ምልክት ስጪኝ።»

«የግራ እግሩ ትንሿ ጣት የለችም። በአራት ዓመቱ ቆርቆሮ…»

«ተሸክሜው ጤና ጣቢያ የሮጥኩት እኔ አይደለሁም እንዴ!» ብለው ወጡ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ዝናብ፣ ጭነት መኪና ለምነው ሄዱ።

እንደዚያ ያለ ሁለት ቀን ለጠላቴም አልመኝ። መርዶ ቢሆን ይለቀስ ነበር። ሴቶቹ መጡ፣ ተቀመጡ፣ ግን ምን እንበል? «እግዜር ያጽናሽ» አይባል፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» አይባል። አንዷ «እህህ» ብላ ስትተነፍስ ሌላዋ ትቆነጥጣታለች። በሩ ቋ ባለ ቁጥር ጫማ ለማየት አንገቴን አወጣለሁ።

በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሸምሱ ሱቁን ክፍት ጥሎ ስልኩን እንደያዘ እየሮጠ ገባ። «ጋሼ ናቸው!» አለ። ጆሮዬ ላይ ማድረግ አላስፈለገም፤ ጩኸታቸውን ቤቱ በሙሉ ሰማው።

«አስካለ! ቆጠርኩ! ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ! አስር ጣት ነው ያለው!»

እልል ልል አፌን ስከፍት፣ «ዝም በይ!» አሉኝ። እንደዚያ ሲቆጡ ሰምቼ አላውቅም። «የዚህ የባለ አስሩ እናት አለች። ገና አልሰማችም። እልልታሽን ዋጪው።»

ዋጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚህ ጉሮሮዬ ላይ አለ።

አመሻሹ ላይ፣ ስልኬ እንደተመለሰልኝ፣ ዳዊት ከድንበር በሰው ስልክ ደወለ። «እማዬ፣ ምን ሆናችሁ ነው? ደህና ነኝ እኮ!» አለኝ። ድምፁን ሰማሁ፣ ግን ደስታው አልገባ አለኝ። ባለ አስሩ ልጅ የማን ነው?

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ዘውዴ ሬሳውን በመኪና ይዘው ደረሱ። እቤቴ መጥተው፣ «ነጠላሽን ያዢና ተከተይኝ። ሴት ያስፈልገኛል» አሉኝ። ሟቹ ሙስሊም ነውና ሸምሱንም፣ የእምነቱ ሰው ብለው፣ ጠሩት። ወደ ኮዬ ፈጬ ስንሄድ ሸምሱ ፊት ተቀምጦ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቁርኣን እየቀራ መሰለኝ። ጋሽ ዘውዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ሾፌሮቹ ያደሩበት ቦታ ጠይቀው ያጣሩት ነው።

ዳዊት ያን ጠዋት፣ «እናቴ አልቅሳብኛለች፣ እሺ ብያታለሁ፣ ልዋሻት አልፈልግም» ብሎ ሲቆም፣ ሰይድ የሚባል ጓደኛው፣ የወሎ ልጅ፣ «የእናት እንባ አይሻገሩትም። ያንተን እኔ እነዳዋለሁ፣ የእኔን አንተ ያዝ» ብሎ መኪና ተቀያየሩ። የዳዊት ስልክ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ፣ ወረቀቱም ጋቢናው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ዳዊት ድንበር ተሻገረ። ሰይድ ገደል ገባ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አልኳቸው።

አይደለሽም ይሉኛል ብዬ ዓይናቸውን አየሁ። አላሉም። ነሽም አላሉኝም። «ያላየሁትን አልናገርም» አሉና በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ።

የሰይድ እናት ስሟ ዘሃራ ነው። በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች። ወንድሟን ታች አግኝተን አስከትለን ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። ጋሽ ዘውዴ በሩ ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ እሷ ከፈተች። እጇ ሳሙና ነበረበት። «ግቡ፣ ግቡ» አለች፣ ከዚያ የወንድሟን ፊት አየች።

«ልጅሽ ሰይድ ሞቷል» አሏት። ዙሪያ ጥምጥም የለም። «አይቼዋለሁ፣ በእጄም ነክቼዋለሁ። ብቻውን አልተውኩትም፣ ይዤልሽ መጥቻለሁ።»

እኔ ነኝ ስትወድቅ የያዝኳት። ያን ቀን እስኪቀበርና ከዚያም በኋላ ከጎኗ አልተነሳሁም። በልቅሶው መሃል ድንገት ዝም ብላ ትኩር ብላ አየችኝ።

«ወንድ ልጅ አለሽ?»

«አለኝ።»

«የት ነው?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«አላህ በሰላም ያግባልሽ» አለችኝ፤ እጄንም ሳመችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ተጣልቶኛል። ዳዊት አሁንም ይነዳል፣ ሌላ ሥራ አያውቅም። የሰይድ ጓደኛ ነኝ ብሎ ዘሃራን ይጠይቃታል፤ «እማዬ፣ ልንገራት» ባለኝ ቁጥር እግሩ ላይ ወድቄ አስቀርቼዋለሁ። ልጇን የቀማኋት እኔ መሆኔን ስታውቅ ያ ምርቃት ይገለበጥብኛል፣ የእናት እርግማን ልጄን መንገድ ላይ ያገኘዋል ብዬ ነው የምፈራው። ዘሃራ በዓል ሲሆን ትደውላለች። ስሟን ስልኩ ላይ ሳይ ከማንሳቴ በፊት አማትባለሁ። አንዳንዴ አላነሳም።

ጋሽ ዘውዴ በየረመዳኑ ቴምር ይዘው ይጠይቋት ነበር። አንድ ቀን ደጃቸው ተቀምጬ፣ «ጋሼ፣ ልንገራትና ልገላገል?» አልኳቸው። ጥሩምባውን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር።

«ለማን ብለሽ ነው?» አሉኝ። «ለእሷ ነው ለራስሽ? ሸክምሽን ለማራገፍ ከሆነ ሰው ላይ አይራገፍም። ስትጠይቅሽ ግን እንዳትዋሺያት።»

«ብትረግመኝስ?»

«እኔን አንድ ልጅ ነፍሰ ገዳይ ብሎኝ ሠላሳ ዓመት ኖሬበታለሁ። ይኖራል» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ያ ልጅ እኮ አሁን ሲታመም የሚያስጠራው እኔን ነው» ብለው በትከሻቸው ሳቁ። ለካ ይጠይቁት ኖሯል። ለማንም አላወሩም።

እንግዲህ እሳቸው ናቸው የሞቱት። አቶ ጌታሁን እንኳ ድንኳኑ ጥግ ሆነው እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ ነበር። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ተቀምጬ ሳለ ዘሃራ ገባች። ከኮዬ ፈጬ ሁለት ታክሲ ቀይራ መጥታ ነው። ሰውን ሁሉ አልፋ ከጎኔ ተቀመጠች። ልነሳ አልኩና ሰው ያያል ብዬ ተውኩት። ንፍሮ ዞረ። እሷም አልዘገነችም፣ እኔም አልዘገንኩም።

«አስካለ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ያን ቀን ከእሳቸው ጋር አንቺ ለምን መጣሽ? ጎረቤቴ አይደለሽ፣ ዘመዴ አይደለሽ።»

መጣ። የፈራሁት መጣ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ልዋሽ ነበር፣ ሴት ያስፈልጋል ስላሉ ነው ልላት ነበር። አልቻልኩም።

«መኪናው የልጄ ነበር» አልኳት። «ሕልም ያየሁት እኔ ነኝ። አትንዳ ብዬ ያለቀስኩበት እኔ ነኝ። የአንቺ ልጅ በእኔ እንባ ነው የሄደው።»

በጥፊ ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቆየሁ። ምንም የለም። ዓይኔን ስገልጥ እሷ መሬቱን እያየች ነው።

«ሰይድ ደውሎልኝ ነበር» አለች። «ከመነሳቱ በፊት። ‹የጓደኛዬ እናት ሕልም አይታ እያለቀሰች ነው፣ መኪና ልቀይረው ወይ?› አለኝ። ‹የእናት እንባ አይሻገሩትም፣ ቀይረው› ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የላክሁት፣ አስካለ። የማን እናት እንደሆንሽማ ካየሁሽ ቀን ጀምሮ ጠርጥሬያለሁ። አንቺ ከጠየቅሽኝ ምን እላለሁ ብዬ ስፈራ ኖርኩ። ለጋሼ ብቻ ነበር የነገርኳቸው።»

ለእሳቸው ብቻ! ሁለታችንንም ሰምተው፣ ከእኔ ደጅ እሷ ቤት፣ ከእሷ ቤት እኔ ደጅ ሲመላለሱ፣ ያ ጯሂ ሽማግሌ አንድም ቃል ሳያሾልኩ ይዘውት መቃብር ወረዱ።

ጭኔ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ዳዊት ነው። ሌሊቱን ሲነዳ አድሯል። በእሷ ፊት የልጄን ድምፅ እንዴት ልስማ? ልዘጋው ጣቴን ስሰድ ዘሃራ እጄን ያዘች። ስልኩን ወሰደች፣ ራሷ አነሳችው፣ በሁለታችን ጆሮ መሃል አስጠጋችው።

«እማዬ?» አለ ልጄ።

«የት ደረስክ፣ ልጄ?» አለችው ዘሃራ።